ጥሬ ቅጠልና ሎሚ በባቱ ገበታ፦ ፌጦን፣ ጎመን ዘርንና ብርቱካንን በሰላጣ መልክ የመመገብ ጥቅምና ጥንቃቄ

መግቢያ

ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ባቱ የደረሰ መንገደኛ በቅድሚያ ዓይኑን የሚስበው የአትክልቱ ብዛት ነው። ቀድሞ በሐይቁ ስም ዝዋይ ተብላ ትጠራ የነበረችው ይህች ከተማ 440 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ባለው በዝዋይ ሐይቅ ምዕራባዊ ዳርቻ ላይ ትገኛለች። ሐይቁ ከመቂና ከካታር ወንዞች የሚቀበለው ውኃ በሞተር እየተሳበ ቲማቲሙን፣ ሽንኩርቱን፣ ጥቅል ጎመኑንና ቃሪያውን ያጠጣል። ከሐይቁ የሚወጣው ቆሮሶ ዓሣም ከሎሚና ከሰላጣ ጋር በየምግብ ቤቱ ይቀርባል። ብርቱካንና መንደሪንን በተመለከተም በዚያው በስምጥ ሸለቆ ውስጥ የላይኛው አዋሽ አካባቢ፣ በተለይም ኑራ ኤራ፣ ለብዙ ዓመታት በስፋት ሲመረትበት የቆየ ስፍራ ነው።

ይሁን እንጂ የአትክልት አገር መሆንና አትክልትን በሚገባ መመገብ አንድ አይደሉም። ከማሳው የሚነሣው ምርት አብዛኛው ወደ ትልልቅ ከተሞች የሚጫን ሲሆን፣ በየቤቱ የሚቀርበው ቅጠልም በአመዛኙ ለረጅም ሰዓት የተቀቀለ ነው። በአንጻሩ የደም ማነስ በአገሪቱ ትልቅ የጤና ችግር ሆኖ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳመለከተው ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 59 ወር ከሆኑ ሕፃናት መካከል 57 በመቶ፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑ ሴቶች መካከል ደግሞ 24 በመቶ የሚሆኑት የደም ማነስ ነበረባቸው። የደም ማነስ መንሥኤዎች ብዙ ናቸው፤ ወባ፣ የአንጀት ትላትል፣ በወሊድ ጊዜ የሚፈስ ደምና የምግብ እጥረት ከእነዚሁ መካከል ይጠቀሳሉ። ከምግብ ጋር የተያያዘውን ክፍል በተመለከተ ግን በቤት ውስጥ ሊደረግ የሚችል ነገር አለ። ይኸውም የሚፋጁ ለጋ ቅጠሎችን ከሎሚና ከብርቱካን ጋር በጥሬነታቸው አዘጋጅቶ ከዋናው ምግብ ጋር ማቅረብ ነው።

ጥሬ ቅጠል ጥቅም እንዳለው ሁሉ ጉዳትም ሊያመጣ ይችላል። በእሳት ያላለፈ ምግብ እሳት ያላጠፋውን ተሕዋስ ይዞ ሊቀርብ ስለሚችል፣ እሳት ይሠራው የነበረውን ሥራ ንጹሕ እጅና ንጹሕ ውኃ ሊሠሩት ይገባል። ይህ ጽሑፍም ጥቅሙንና ጥንቃቄውን ጎን ለጎን ያብራራል።

የሚፋጁ ቅጠሎች ባሕርይ

በውጭ አገር ለሰላጣ ከሚፈለጉት የሚፋጁ ቅጠሎች መካከል ሩኮላ ወይም አሩጉላ የሚባለው በእጅጉ የታወቀ ሲሆን፣ በአዲስ አበባ ትልልቅ መደብሮችም አልፎ አልፎ ይገኛል። ነገር ግን የዚሁ ዝርያ ዘመዶች በኢትዮጵያ ምድር ከጥንት ጀምሮ ይኖራሉ። አንደኛው ፌጦ ነው። ፌጦ በአገራችን የሚታወቀው በዘሩ ነው፤ ዘሩ ተወቅጦ ለሆድ ሕመም ይጠጣል፣ ቆዳ ላይ ይቀባል፣ በጾም ወራትም ከእንጀራ ጋር ተፈትፍቶ ይበላል። ቅጠሉ ግን በሌሎች አገሮች በስፋት የሚበላ የሰላጣ ተክል ሆኖ ሳለ በእኛ ገበታ ላይ እምብዛም አይታይም። ሁለተኛው የሀበሻ ጎመን በመባልም የሚታወቀው ጎመን ዘር ነው። ጎመን ዘር መገኛው የኢትዮጵያ ደጋማ አገር እንደሆነ የሚታመን ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1927 ኢትዮጵያን የጎበኘው ሩሲያዊው የዕፀዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ አገሪቱን ለብዙ ሰብሎች መገኛ ከሆኑት የዓለም ማዕከላት መካከል መድቧታል። የጎመን ዘር ትልልቅ ቅጠል ለመቀቀያ የሚሆን ቢሆንም ለጋው ቅጠል በጥሬው ሊበላ ይችላል።

የእነዚህ ተክሎች የሚፋጅ ጣዕም ከሰናፍጭ ጋር አንድ ምንጭ አለው። ደረቅ የሰናፍጭ ዘር ቢሸተት አፍንጫን አይነካም፤ ተፈጭቶ በውኃ ሲለወስ ግን ዕንባ ያስፈስሳል። ምክንያቱም በተክሉ ሴሎች ውስጥ ግሉኮሲኖሌት የሚባሉ ንጥረ ነገሮችና ማይሮሲኔዝ የሚባል ኢንዛይም ለየብቻቸው ተለያይተው ስለሚቀመጡ ነው። ዘሩ ሲፈጭ ወይም ቅጠሉ ሲታኘክ ሁለቱ ይገናኙና አይሶቲዮሲያኔት የተባለውን የሚፋጅ ውሕድ ያስገኛሉ። ይህም ተክሉ ራሱን ከነፍሳት የሚከላከልበት ዘዴ ነው። ሙቀት ኢንዛይሙን ስለሚያጠፋው ጎመን ሲቀቀል መፋጀቱን ያጣል። አይሶቲዮሲያኔት በቤተ ሙከራ ውስጥ አንዳንድ ባክቴሪያዎችን እንደሚገታ የታየ ቢሆንም፣ ፌጦ የተባለለትን በሽታ ሁሉ ይፈውሳል ለማለት የሚያስችል ማስረጃ አይደለም። በሰላጣ መልክ የሚቀርበው ቅጠል መታየት ያለበት እንደ ምግብ እንጂ እንደ መድኃኒት አይደለም።

ሙቀት የሚወስደውና ሎሚ የሚጨምረው

በጥሬ ቅጠልና በፍራፍሬ ውስጥ በሰፊው ከሚገኙት ንጥረ ነገሮች መካከል በሙቀት፣ በአየርና በውኃ በቀላሉ የሚጎዳው ቫይታሚን ሲ ነው። ጎመን በብዙ ውኃ ለረጅም ጊዜ ሲቀቀል ከቫይታሚኑ ግማሽ ወይም ከዚያ በላይ የሆነው ሊጠፋ ይችላል። ከፊሉ በሙቀቱ ይበላሻል፣ ከፊሉም ከሚደፋው ውኃ ጋር አብሮ ይሄዳል። ሌላው ለደም ሕዋሳት መሠራት የሚያስፈልገው ፎሌትም በተመሳሳይ ሁኔታ ይቀንሳል።

የቫይታሚን ሲ እጦት የሚያስከትለው በሽታ ስከርቪ ይባላል። ድካም፣ የድድ መድማት፣ የመገጣጠሚያ ሕመምና የቁስል አለመዳን ዋና ዋና ምልክቶቹ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1747 ሳልስበሪ በተባለችው የእንግሊዝ የጦር መርከብ ላይ ያገለግል የነበረው ሐኪም ጄምስ ሊንድ በዚህ በሽታ የታመሙ 12 መርከበኞችን ሁለት ሁለት አድርጎ በመክፈል የተለያየ ነገር ሰጣቸው። ብርቱካንና ሎሚ የተሰጣቸው ሁለቱ ከሌሎቹ ሁሉ ቀድመው አገገሙ። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል የሎሚ ጭማቂን ለመርከበኞቹ በመደበኛነት ማደል የጀመረው ግን እ.ኤ.አ. በ1795 ነበር። በመካከሉ ያለፈው ወደ ሃምሳ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ዕውቀት ብቻውን ገበታ ላይ እንደማይደርስ ያስተምራል።

በሽታው የሩቅ ዘመን ታሪክ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በሶማሊያና በሱዳን መጠለያ ጣቢያዎች ይኖሩ በነበሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ላይ ስከርቪ በወረርሽኝ መልክ ታይቷል። ትኩስ አትክልትና ፍራፍሬ ሳያገኙ ለወራት በሚታደል ደረቅ እህልና ዘይት ብቻ መኖር ለዚህ እንደሚያበቃ ሁኔታው በግልጽ አሳይቷል።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን 45 ሚሊ ግራም ቫይታሚን ሲ እንዲደርሰው ይመክራል። በ100 ግራም የፌጦ ቅጠል ውስጥ 69 ሚሊ ግራም፣ በተመሳሳይ መጠን ብርቱካን ውስጥ 53 ሚሊ ግራም፣ በሎሚ ጭማቂ ውስጥ ደግሞ 39 ሚሊ ግራም ያህል ይገኛል። ብዙዎችን የሚያስገርመው ግን ጥሬ ቃሪያ ሲሆን፣ በ100 ግራም ከ200 ሚሊ ግራም በላይ ቫይታሚን ሲ ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ ብርቱካን በተወደደበት ወቅት እንኳ ፌጦ፣ ሎሚና ቃሪያ ያለበት ሰላጣ የዕለቱን ድርሻ ለመሙላት በቂ ነው።

ሰላጣው ከእንጀራው ጋር ለምን ይቅረብ?

በምግብ ውስጥ ያለ የብረት ማዕድን በሁለት መልክ ይገኛል። በሥጋና በዓሣ ውስጥ ያለው በቀላሉ ወደ ሰውነት ሲገባ፣ ከእህል፣ ከጥራጥሬና ከቅጠላ ቅጠል የሚገኘው ግን ብዙ መሰናክል ይገጥመዋል። ጤፍና ምስር ብረት ቢኖራቸውም ፋይቴት የተባለ ንጥረ ነገር ስላለባቸው ብረቱ ታስሮ ሳይወሰድ ከሰገራ ጋር ይወጣል። የእንጀራ ሊጥ መቡካቱ ፋይቴቱን በከፊል የሚቀንስ በመሆኑ ጠቃሚ ነው፤ ሆኖም ሙሉ በሙሉ አያስወግደውም። ቫይታሚን ሲ ብረቱን ለመወሰድ ወደሚመች መልክ ስለሚለውጠውና ከፋይቴት ስለሚጋርደው ከዕፀዋት የሚገኘው ብረት የመወሰድ አቅሙ ይጨምራል። ይህ የሚሆነው ግን ሁለቱ በአንድ ማዕድ ሲበሉ ብቻ ነው። ጠዋት የተበላ ብርቱካን ለማታው ሽሮ አይደርስለትም።

ይህ ጉዳይ በዓመቱ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ተከልክለው ለሚጾሙ ምእመናን፣ እንዲሁም ሥጋ ለመግዛት አቅም ለሌላቸው ቤተሰቦች ልዩ ትርጉም አለው። በእንደነዚህ ያሉ ማዕዶች ላይ ብረቱ በሙሉ ከእህልና ከቅጠል የሚገኝ በመሆኑ፣ ከምስር ወጡ አጠገብ የምትቀመጠው ትንሽ ሳህን ሰላጣ ከማጣፈጫነት ያለፈ አገልግሎት ትሰጣለች።

በሌላ በኩል ቡናና ሻይ የብረትን መወሰድ ይቀንሳሉ። እ.ኤ.አ. በ1983 የታተመ አንድ ጥናት እንዳሳየው ከምግብ ጋር የተጠጣ አንድ ስኒ ቡና የብረትን መወሰድ በ39 በመቶ፣ ሻይ ደግሞ በ64 በመቶ ቀንሷል። ምግቡ ከተበላ ከአንድ ሰዓት በኋላ የተጠጣ ቡና ያው ጉዳት ሲኖረው፣ ከምግቡ አንድ ሰዓት ቀድሞ የተጠጣው ግን ጉዳት አላሳየም። ቡናን መተው ለኢትዮጵያዊ ቤተሰብ አስቸጋሪ ነውና፣ የደም ማነስ ያለባት ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ እናት ቡናዋን ከምግብ በፊት ብታደርገው ወይም ከምግቡ በኋላ ለሁለት ሰዓት ያህል ብታቆየው ይመረጣል። ሰላጣ ግን በጤና ተቋም የሚሰጠውን የብረትና የፎሊክ አሲድ እንክብል ፈጽሞ አይተካም።

በጥሬ ቅጠል ላይ ያሉ ሥጋቶች

በመስኖ የሚለማ ቅጠል ከውኃው፣ ከፍግው፣ ከአጓጓዡና ከሻጩ እጅ ተሕዋስያንን ሊቀበል ይችላል። በጅማና በአርባ ምንጭ ገበያዎች ከተሰበሰቡ አትክልትና ፍራፍሬዎች ላይ የተካሄዱ ጥናቶች ከናሙናዎቹ ከግማሽ በሚበልጡት ላይ የጥገኛ ተሕዋስያን እንቁላል፣ እጭ ወይም ሲስት አግኝተዋል። የወስፋት እንቁላል፣ የአሜባና የጃርዲያ ሲስት፣ እንዲሁም የታይፎይድና ሌሎች የተቅማጥ ባክቴሪያዎች በዚህ መንገድ ሊተላለፉ ይችላሉ። ወስፋት ደግሞ የሕፃናትን ምግብ የሚሻማና ዕድገታቸውን የሚጎዳ በመሆኑ፣ ለጤና ተብሎ የቀረበው ሰላጣ በጥንቃቄ ካልታጠበ ያተረፈውን መልሶ ሊያጠፋ ይችላል።

በሐይቁ አካባቢ ሌላ ሊታሰብበት የሚገባ ነገር አለ። በዝዋይ ሐይቅ ውስጥ የአንጀት ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፍ ቀንድ አውጣ ይኖራል። ቢልሃርዝያ ቅጠሉን በመብላት የሚይዝ በሽታ አይደለም፤ እጩ በቆዳ በኩል ዘልቆ ነው ወደ ሰውነት የሚገባው። ስለዚህ ጉዳቱ የሚደርሰው በሐይቁ ዳር ወይም በመስኖ ቦይ ውስጥ ቆሞ አትክልት በሚያጥብ ሰው ላይ ነው። ብዙውን ጊዜም ይህን የሚሠሩት ሴቶችና ልጆች ናቸው። አትክልትን በሐይቅ ማጠብ የሚበላውን ሰው ከጭቃ እንጂ ከጀርም አያድንም፤ የሚያጥበውን ሰው ግን ለበሽታ ያጋልጠዋል።

ሦስተኛው ሥጋት የፀረ ተባይ ኬሚካል ነው። በማዕከላዊ ስምጥ ሸለቆ አነስተኛ አትክልት አምራቾች ላይ የተካሄዱ ጥናቶች አርሶ አደሮች ኬሚካሎችን ከመመሪያው ውጭ እንደሚያቀላቅሉና በተደጋጋሚ እንደሚረጩ አመልክተዋል። እያንዳንዱ ኬሚካል ከተረጨ በኋላ ምርቱ ሳይሰበሰብ መቆየት ያለበት የቀን ብዛት በዕቃው ላይ ተጽፎ ይገኛል። ይህ ሳይጠበቅ የተቆረጠ ቅጠል ቢታጠብም እንኳ ወደ ውስጡ የገባውን ኬሚካል ሙሉ በሙሉ አያስወግድም። ከሚያውቁት አምራች መግዛትና መቼ እንደተረጨ መጠየቅ ከዚህ አንጻር ጠቃሚ ነው።

ሎሚ ጀርም ይገድላልን?

በብዙ ቤቶች ሎሚ የተጨመቀበት ምግብ ንጹሕ እንደሆነ ይታመናል። በዚህ እምነት ውስጥ ከፊል እውነት አለ። በምዕራብ አፍሪካ፣ በጊኒ ቢሳው የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ጥናት ሎሚ በሚጨመርበት ወጥ ሩዛቸውን የበሉ ሰዎች በኮሌራ የመያዝ ዕድላቸው ዝቅ ያለ እንደነበር አሳይቷል፤ የኮሌራ ባክቴሪያ ኮምጣጣ ነገርን አይቋቋምምና። ነገር ግን የወስፋት እንቁላልና የአሜባ ሲስት በሎሚ ጭማቂ አይሞቱም። እነዚህ ተሕዋስያን ከሎሚ ጋር ተቀራራቢ ኮምጣጣነት ያለውን የጨጓራ አሲድ አልፈው ወደ አንጀት የሚደርሱ መሆናቸውን ማስታወስ ለዚህ በቂ ማስረጃ ነው። ሎሚ ሰላጣን ያጣፍጣል፣ ቫይታሚኑንም ይጨምራል፤ እጥበትን ግን አይተካም።

ትክክለኛው አስተጣጠብ

በመጀመሪያ እጅ፣ ቢላዋና መክተፊያ በሳሙናና በንጹሕ ውኃ ይታጠባሉ። ጥሬ ሥጋ፣ ዶሮ ወይም ዓሣ የተከተፈበት መክተፊያ ለሰላጣ መዋል የለበትም። በመቀጠል የቅጠሉ የደረቀና የተበላሸ ክፍል ተለቅሞ ይጣላል፣ ሥሩም ይቆረጣል፣ ቅጠሎቹም አንድ በአንድ ይለያያሉ። ሳይለያዩ እንደ እቅፍ ውኃ ውስጥ ማጥለቅ ጭቃውን በቅጠሎቹ መካከል እንዲቀር ያደርገዋል።

ከዚያም እያንዳንዱ ቅጠል በሚወርድ ንጹሕ ውኃ ሥር በሁለቱም ገጹ በጣት ቀስ ተደርጎ እየታሸ ይታጠባል። ከሁሉም በላይ ዋናው ደረጃ ይህ ነው፤ የጥገኛ ተሕዋስያን እንቁላሎች ክሎሪንን ስለሚቋቋሙ የሚወገዱት ታጥበው በመሄድ ነው። የቧንቧ ውኃ በሌለበት ቤት በጆግ እየተንቆረቆረ ማጠብ፣ ወይም በሳፋ ከሆነ ውኃውን ቢያንስ ሦስት ጊዜ መለወጥ ይቻላል።

ባክቴሪያን ለመቀነስ ደግሞ የታጠበውን ቅጠል በክሎሪን ውኃ መዘፍዘፍ ይጠቅማል። ሽታና ማቅለሚያ ያልተጨመረበትና 5 በመቶ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት እንዳለው የተጻፈበት በረኪና ከሆነ ለ5 ሊትር ንጹሕ ውኃ 10 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ሁለት የሻይ ማንኪያ ተጨምሮ ቅጠሉ ለ10 ደቂቃ ይቀመጣል። በመጨረሻም ፈልቶ በቀዘቀዘ ወይም በታከመ ውኃ በሚገባ ይለቀለቃል። መጠኑ ያልተጻፈበትን በረኪና ለዚህ አገልግሎት ማዋል አይገባም። በበረኪናው ውኃ ውስጥ ሎሚ ወይም ኮምጣጤ መጨመርም አደገኛ ነው፤ ሁለቱ ሲቀላቀሉ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ሎሚው የሚመጣው ቅጠሉ ተለቅልቆና ውኃው ተንጠፍጥፎ ካለቀ በኋላ ነው። ዱቄት ሳሙናና የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽም ለቅጠል አይሆኑም፤ በቅጠሉ ላይ ቀርተው አንጀትን ያውካሉ።

ብርቱካንና ሎሚም ከመላጣቸው ወይም ከመቆረጣቸው በፊት መታጠብ አለባቸው። በልጣጩ ላይ ያለ ቆሻሻ ቢላዋውን ተከትሎ ወደ ውስጥ ይገባልና።

ፌጦን በጓሮ ማብቀል

ከላይ የተዘረዘረው ድካም ሁሉ የሚቀልበት አንድ መንገድ አለ። ይኸውም የሚፋጀውን ቅጠል በንጹሕ ውኃ እያጠጡ በገዛ ጓሮ ማብቀል ነው። ፌጦ ለዚህ ሥራ የሚመች ተክል ነው። ዘሩ በየገበያው በርካሽ ይገኛል፤ ሰፊ መሬትም አይፈልግም። በአሮጌ ገበቴ፣ በተቆረጠ ጀሪካን ወይም በትንሽ መደብ ላይ ለስላሳ አፈር ተደልድሎ ዘሩ ሳሳ ተደርጎ ይበተንና በስሱ አፈር ይለብሳል። ከ2 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይበቅላል፤ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ውስጥም የጣት ቁመት ሲያህል በመቀስ ከአፈሩ ከፍ ተደርጎ ይቆረጣል።

ባቱ ከባሕር ወለል በላይ 1,640 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ሞቃት ከተማ በመሆኗ፣ ፌጦ በፀሐይ ከተተወ ፈጥኖ ያብባል፤ ቅጠሉም ከመጠን በላይ ይፋጃል። ስለዚህ በጥላ ሥር መዝራት፣ ጠዋትና ማታ ውኃ ማጠጣትና በየሁለት ሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እየዘሩ ማከታተል ይሻላል። ለተክሉ ያልተብላላ ፍግም ሆነ የፍሳሽ ውኃ መስጠት አይገባም። ዘሩም ለምግብነት የተሸጠ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ ለእርሻ ተብሎ በመድኃኒት የታሸ ዘር ለዚህ አይውልም። ዘሩን በእርጥብ ጨርቅ ላይ አብቅሎ ከነሥሩ መብላትም አይመከርም፤ ሙቀትና እርጥበት ባክቴሪያን በብዛት ያራባሉና።

አዘገጃጀት

ለአራት ሰው የሚሆን ሰላጣ ለማዘጋጀት 100 ግራም ያህል የፌጦ ቅጠል፣ አንድ እፍኝ ለጋ የጎመን ዘር ቅጠል፣ ጥቂት የሰላጣ ቅጠል፣ ሁለት መካከለኛ ብርቱካን፣ አንድ ወይም ሁለት ሎሚ፣ ግማሽ ራስ ቀይ ሽንኩርት፣ አንድ ቃሪያ፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ የኑግ ወይም የሱፍ ዘይት፣ አዮዲን ያለው ጨውና አንድ እፍኝ የተቆላ ለውዝ ወይም ሰሊጥ ያስፈልጋሉ።

ብርቱካኑ ከሥሩ ያለው ነጭ ሽፋን መራራ ስለሆነ ልጣጩ ከነሽፋኑ በቢላዋ ይነሣል፤ ከዚያም በክብ በክቡ ይቆረጣል፣ ፍሬውም ይለቀማል። በሚቆረጥበት ጊዜ የሚፈስሰው ጭማቂ በሳህን ይጠራቀማል። ቀይ ሽንኩርቱ በስሱ ተከትፎ ለአምስት ደቂቃ በሎሚ ጭማቂ ውስጥ ሲቀመጥ ይለሰልሳል። በዚሁ ላይ የብርቱካኑ ጭማቂና ዘይቱ ተጨምረው በሹካ ይመታሉ። ዘይቱ ጣዕሙን ከማለስለሱም በላይ፣ በአረንጓዴ ቅጠል ውስጥ ያለው ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለወጠው ካሮቲን ወደ ሰውነት እንዲገባ ይረዳል።

ውኃው በሚገባ የተንጠፈጠፈው ቅጠል በእጅ ተቆርሶ ከቃሪያውና ከብርቱካኑ ጋር በሰፊ ሳህን ላይ ይደረጋል። ማጣፈጫውና ጨው የሚጨመሩት ልክ ለመብላት ሲቀርብ ነው፤ ጨው ቀድሞ ከነካው ቅጠሉ ውኃ አውጥቶ ይጠወልጋል። ለውዙ ወይም ሰሊጡ በላዩ ይነሰነሳል። የፌጦው መፋጀት፣ የብርቱካኑ ጣፋጭነትና የሎሚው ኮምጣጣነት ተመጣጥነው እርስ በርሳቸው ይጣጣማሉ። ፌጦው የበዛበት ሰው የሰላጣ ቅጠሉን ሊጨምር ይችላል።

ይህ ሰላጣ ቃሪያው ሳይቆጠር እንኳ ለእያንዳንዱ ሰው ከ50 ሚሊ ግራም በላይ ቫይታሚን ሲ ያስገኛል። በጾም ቀን ከምስር ወጥ ወይም ከሽሮ፣ በሌላው ቀን ደግሞ በሚገባ ከበሰለ የሐይቁ ዓሣ ጋር ይቀርባል። የተከተፈ ቅጠል ቫይታሚኑን እያጣ ስለሚሄድና በሙቀት ባክቴሪያ ስለሚራባበት፣ ተዘጋጅቶ ወዲያው ይበላል እንጂ ከሁለት ሰዓት በላይ ሳይቀዘቅዝ አይቆይም፤ ለማግሥቱም አያድርም።

ልዩ ጥንቃቄ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች

ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ዋርፋሪን የሚወስዱ ሕሙማን ማወቅ ያለባቸው ነገር አለ። አረንጓዴ ቅጠሎች፣ በተለይም ፌጦ፣ ብዙ ቫይታሚን ኬ ስላላቸው የመድኃኒቱን ኃይል ይቀንሳሉ። እነዚህ ሕሙማን ቅጠል ጨርሶ መተው የለባቸውም፤ ነገር ግን የሚበሉት መጠን ከሳምንት ሳምንት እንዳይለዋወጥ ማድረግና ሐኪማቸውን ማማከር ይገባቸዋል።

ግሬፕፍሩት የተባለው ትልቁ የብርቱካን ዘመድ ደግሞ ሲምቫስታቲንንና ፌሎዲፒንን የመሳሰሉ የኮሌስትሮልና የደም ግፊት መድኃኒቶች በደም ውስጥ ከሚገባው በላይ እንዲከማቹ ያደርጋል። እንዲህ ያሉ መድኃኒቶችን የሚወስድ ሰው በግሬፕፍሩት ፋንታ የተለመደውን ጣፋጭ ብርቱካን ቢጠቀም ይሻላል።

ጎመን ዘርና ፌጦ በጥሬነታቸው በጣም በብዛት ከተበሉ፣ አዮዲን በሚጎድልበት ሰው ላይ የእንቅርትን ሁኔታ ሊያባብሱ ይችላሉ። በመጠን የተበላ ሰላጣ አዮዲን ካለው ጨው ጋር ሲሆን ግን ይህ አያሳስብም። የጨጓራ ሕመም ያለበት ሰው የሚፋጀውንና ኮምጣጣውን እንደ አቅሙ ይቀንስ። ነፍሰ ጡር ሴቶች ተወቅጦ የሚጠጣውን የፌጦ ዘር በመድኃኒትነት ከመውሰድ ሊቆጠቡ ይገባል። እነርሱም ሆኑ የሰውነት የመከላከል አቅማቸው የደከመ ሕሙማን፣ አስተጣጠቡን በማያውቁት ስፍራ የቀረበ ጥሬ ሰላጣ ባይበሉ ይመረጣል። እነዚህ ሰዎች በቤታቸው ቅጠሉን ለጥቂት ደቂቃ ብቻ አብስለው፣ ሎሚውን ግን ከእሳት ከወረደ በኋላ ቢጨምሩበት ከሁለቱም ጥቅም ያገኛሉ። ከስድስት ወር በታች ያሉ ሕፃናት ከእናት ጡት ወተት በስተቀር ሌላ ምግብ አያስፈልጋቸውም።

ማጠቃለያ

ፌጦ በየቤቱ ማሰሮ ውስጥ፣ ጎመን ዘር በየጓሮው፣ ሎሚም በየጉልቱ የሚገኙ ናቸው። የጎደለው ዘሩን ለሕመም ቀን ብቻ ከማስቀመጥ አልፎ ቅጠሉን ለጤና ቀን ማዋል ነው። ጥሬ ቅጠልና ሎሚ ከእንጀራው ጋር በአንድ ማዕድ ሲቀርቡ በጤፉና በምስሩ ውስጥ ያለው ብረት ለሰውነት ይደርሳል። ይህ ጥቅም የሚገኘው ግን ቅጠሉ አንድ በአንድ ሲታጠብ፣ በሐይቅና በቦይ ውኃ መታጠቡ ሲቀር፣ በሎሚው ብቻ መተማመን ሲቆምና ሰላጣው እንደተዘጋጀ ሲበላ ነው። በባቱም ሆነ በሌሎቹ የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ያሉ የጤና ባለሙያዎችና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ስለ ደም ማነስ በሚያስተምሩበት ጊዜ ከእንክብሉ ጎን ለጎን ይህን ቀላል የገበታ ትምህርት ቢያክሉበት፣ በተለይም የቡናውን ሰዓትና የቅጠሉን አስተጣጠብ አብረው ቢያሳዩ፣ ለእናቶችና ለሕፃናት ጤና ተጨማሪ አስተዋጽኦ ያደርጋሉ።